ማሪዋና ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ሲወጣ ማን ለምርጫ ይወጣል?

በ2014 መጀመሪያ ላይ ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚያሠራው «ባትልግራውንድ» የተባለ የሕዝብ አስተያየት ጥናት አሜሪካውያን መራጮችን አንድ ነገር ጠየቀ፦ ማሪዋናን ሕጋዊ የማድረግ ጉዳይ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ቢቀርብ ለመምረጥ የመሄድ ዕድልዎ ይጨምራል ወይ? 39 በመቶው «በጣም ይጨምራል»፣ 30 በመቶው ደግሞ «በመጠኑ ይጨምራል» ብለው መለሱ። ከ10 ሰው 7ቱ ማለት ነው። ወጣቱ ለማሪዋና ብሎ ከመጣ እግረ መንገዱን ዕጩዎቻችንን ይመርጣል የሚል ተስፋ በዴሞክራቶች ሰፈር ተሰማ። (ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኖቬምበር ሲደርስ በመላ አገሪቱ ድምፅ የመስጠት መብት ካለው ሕዝብ የመረጠው 36 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። እርግጥ ማሪዋና የቀረበው በጥቂት ስፍራዎች ነበርና አገር አቀፉ ቁጥር ለብቻው ተስፋውን አያፈርሰውም። ጥናቱ ግን ከመነሻው እንከን ነበረበት። የተጠየቁት መምረጣቸው አይቀርም ተብለው የተለዩ ሰዎች ናቸው። ለመሄድ የተዘጋጀን ሰው «ይህ ቢጨመርልህ ትሄዳለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቤቱ ስለሚቀረው ሰው ምንም አይነግርም።

የሕክምና ማሪዋናን ከፈቀደው ከ1996ቱ የካሊፎርኒያ ፕሮፖዚሽን 215 ወዲህ ያለውን የምርጫ መዝገብ ላገላበጠ፣ ጥያቄው ራሱ ተገልብጦ የተጠየቀ ይመስላል። ማሪዋና የመራጩን ቁጥር ከሚለውጥበት ይልቅ የመራጩ ቁጥር የማሪዋናን ዕጣ የሚወስንበት ጊዜ ይበዛል። ይህን አስቀድመው ከተረዱት መካከል የምርጫ ቀን የሚቆርጡ ባለሥልጣናትና ቀን የሚመርጡ ዘመቻዎች ይገኙበታል።

ወረቀቱ እንዴት ይሠራል?

ሕዝበ ውሳኔ ሲባል ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያስበው እንደ 2019ኙ የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ለብቻው ቀን ተቆርጦለት የሚሰጥ ድምፅ ነው። በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ጥያቄው ከፕሬዚዳንቱ፣ ከሴናተሩ፣ ከአገረ ገዥውና ከዳኞቹ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ቦታውም በተለምዶ ከታች ወይም በጀርባ ነው። ከስቴቶቹ ግማሽ ያህሉ ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ሕግ እንዲያቀርቡ ይፈቅዳሉ። በ2012 በኮሎራዶ ማሪዋናን ለመዝናኛ የሚፈቅደውን አሜንድመንት 64ን ለማቅረብ 86,105 ትክክለኛ ፊርማ ይበቃ ነበር። ፍሎሪዳ ለ2024 የጠየቀችው 891,523 ነው። ሰብሳቢዎቹ ብዙውን ጊዜ ተከፍሏቸው የሚሠሩ ናቸው፤ ከሰበሰቡትም በማጣራት የሚወድቅ አይጠፋም። ፈራሚው በመራጭነት ያልተመዘገበ ይሆናል፣ አድራሻው ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም፣ ወይም ረስቶ ሁለት ጊዜ ይፈርማል። ስለዚህ ዘመቻዎች ከሚፈለገው ብዙ ትርፍ ይዘው ነው የሚያስገቡት።

ጥያቄው ከታች መታተሙ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ትልቅ ትርጉም አለው። ከላይ ያለውን ሞልቶ የታችኛውን ሳይነካ ወረቀቱን የሚመልስ መራጭ ብዙ ነው። ሰው በገፍ የመጣው ለማሪዋና ብቻ ቢሆን ኖሮ በማሪዋናው ጥያቄ ላይ የተሰጠው ድምፅ ከላይኛው ምርጫ ጋር መተካከል፣ እንዲያውም መብለጥ ነበረበት። በ2012 በኮሎራዶ አሜንድመንት 64 ላይ «አዎ» እና «አይ» ያሉት ተደምረው 2.5 ሚሊዮን ሲሆኑ፣ ፕሬዚዳንት የመረጡት 2.57 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ወደ 70,000 የሚሆን ሰው ለፕሬዚዳንት ድምፅ ሰጥቶ ማሪዋናውን አልፎታል ማለት ነው። ይህ ማንም ለማሪዋና ብሎ አልመጣም አያሰኝም፤ ለማሪዋና የመጣውም ፕሬዚዳንቱን መርጦ ሊሄድ ይችላል። ትልቅ ማዕበል ቢኖር ግን ምልክቱ እዚህ ላይ ሊታይ በተገባ ነበር።

ኮሎራዶና ዋሽንግተን፣ 2012

ማሪዋናን ለመዝናኛ ሕጋዊ ያደረጉት የመጀመሪያዎቹ ስቴቶች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አሜንድመንት 64 በ55.3 በመቶ፣ የዋሽንግተን ስቴት ኢኒሼቲቭ 502 በ55.7 በመቶ አለፉ። ኮሎራዶ ላይ «አዎ» ያለው ሕዝብ ባራክ ኦባማን ከመረጠው ሕዝብ በ60,000 ገደማ ይበልጥ ነበር። በማግስቱ አንድ ስሌት ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። ለመገናኛ ብዙኃን የሚደረገው የምርጫ ዕለት የመራጮች መጠይቅ እንደሚያሳየው ከ18 እስከ 29 ዓመት ያሉት ከመራጩ የነበራቸው ድርሻ ኮሎራዶ ላይ ከ2008ቱ 14 በመቶ ወደ 20፣ ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ከ10 ወደ 22 በመቶ ዘለለ። በመላ አገሪቱ የጨመረው ከ18 ወደ 19 ብቻ ነው። እንግዲህ ማሪዋና ወጣቱን አወጣው ተባለ።

ይህ ስሌት የሚፈርሰው አጠቃላዩን ቁጥር ሲያዩ ነው። ዋሽንግተን ላይ ከተመዘገበው መራጭ በ2008 ድምፅ የሰጠው 84.6 በመቶ ነበር፤ በ2012፣ ማሪዋናም የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻም በአንድ ወረቀት ላይ ቀርበው፣ 81.3 በመቶ ሆነ። ወረደ እንጂ አልወጣም። የወጣቱ ድርሻ በእውነት በእጥፍ አድጎ ቢሆን፣ ጠቅላላው ሲወርድ ሌላው ዕድሜ እጅግ ብዙ ሰው ማጣት ነበረበት። ይልቅ የሚያሳምነው መጠይቁ ራሱ ያለበት ችግር ነው። ዋሽንግተን በፖስታ የሚመረጥባት ስቴት በመሆኗ መጠይቁ የሚደረገው ከጣቢያ ደጃፍ ላይ ሳይሆን በስልክ ነው። በስልክ የሚገኘው ወጣት ብዛት ደግሞ የሞባይል ቁጥሮች በናሙናው ውስጥ በገቡበት መጠን ይለዋወጣል። በአንድ ስቴት የሚጠየቁት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ በውስጣቸው ያሉት ወጣቶች ድርሻ በጥቂት ነጥብ ቢወዛወዝ አይገርምም። 12 ነጥብ ሲዘል ግን መጀመሪያ መመርመር ያለበት የመለኪያው ዘንግ ነው።

ፍሎሪዳ፦ የተፈተነው ተስፋ

የማሪዋናን የፖለቲካ ጉልበት ለመፈተን ከ2014ቱ ፍሎሪዳ የተሻለ ቦታ አልነበረም። አሜንድመንት 2 የተባለውን የሕክምና ማሪዋና ጥያቄ በገንዘብ የደገፈው ጠበቃ ጆን ሞርጋን ነው፤ የዴሞክራቶቹ የአገረ ገዥነት ዕጩ ቻርሊ ክሪስት ደግሞ በሞርጋን የሕግ ቢሮ ይሠራ ነበር። ሪፐብሊካኖቹ «ይህ ክሪስትን ለማስመረጥ የተዘየደ ነው» አሉ።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ማሪዋናው ወደ 3.37 ሚሊዮን «አዎ» አገኘ። ክሪስት ያገኘው 2.80 ሚሊዮን፣ ያሸነፈው ሪክ ስኮት ደግሞ 2.87 ሚሊዮን ነው። ከሁለቱም ዕጩዎች በግማሽ ሚሊዮን የበለጠ ድምፅ ያገኘ ጥያቄ የተደገፈበትን ዕጩ አላዳነም። ራሱም ወደቀ፤ 57.6 በመቶ ቢያገኝም የፍሎሪዳ ሕገ መንግሥት ለማሻሻያ 60 በመቶ ይጠይቃልና።

የስኮትና የክሪስት ልዩነት 64,000 ገደማ ነበር። በማሪዋና ምክንያት ብቻ ከመጡ 100 አዳዲስ መራጮች 60ው ለክሪስት፣ 40ው ለስኮት ድምፅ ሰጡ እንበል። ትርፉ 20 ነው። 64,000ውን ለመሙላት ታዲያ 320,000 ማሪዋና ባይኖር ኖሮ ከቤታቸው የማይወጡ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ስልት ነዳፊዎች የሚዘነጉት ይህን ማካፈል ነው። የሚመጣው ሰው ሁሉ የአንድ ወገን አይደለም፤ ማሪዋናውን ለመቃወም የሚወጣም አለ።

ደጋፊው በፓርቲ እንደማይታጠር ቀጥሎ የመጡት ዓመታት አሳይተዋል። በ2020 ሞንታና ዶናልድ ትራምፕንም ማሪዋናንም እያንዳንዳቸውን በ57 በመቶ ገደማ አሳለፈች። ሳውዝ ዳኮታ ለትራምፕ 62 በመቶ በሰጠችበት ቀን ለማሪዋና 54 በመቶ ሰጠች። በ2024 ፍሎሪዳ ላይ ትራምፕ ራሱ ለመዝናኛ ማሪዋናው አሜንድመንት 3 «አዎ» እላለሁ አለ፤ አገረ ገዥው ሮን ዲሳንቲስ ተቃወመ። ትሩሊቭ የተባለው የማሪዋና ኩባንያ ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሰበት። ጥያቄው 55.9 በመቶ አግኝቶ ከ60 ሳይደርስ ቀረ፤ ትራምፕ ግን ፍሎሪዳን በ13 ነጥብ ወሰዳት።

ኦክላሆማ ሁለት ጊዜ

ማሪዋና በእርግጥ ሰው የሚያወጣበት ሁኔታ አለ። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ካሮላይን ቶልበርት እና ዳንኤል ስሚዝ በ2005 ባሳተሙት ጥናት የሕዝበ ውሳኔ ጥያቄዎች ተሳትፎን ከፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ይልቅ በአጋማሽ ዘመን ምርጫ (በፕሬዚዳንቱ ዘመን መካከል፣ ፕሬዚዳንት ሳይመረጥ በሚደረገው) አብልጠው እንደሚጨምሩ አሳይተዋል። ምክንያቱ አያስቸግርም። በፕሬዚዳንታዊ ዓመት መምጣት የሚችለው ሰው አብዛኛው በፕሬዚዳንቱ ምክንያት መጥቷል፤ የሚቀረው ምንም ቢቀርብለት የማይነቃነቀው ነው። ምርጫው ትንሽና ደብዛዛ ሲሆን ግን አንድ ትኩስ ጥያቄ ብዙ ቦታ ይሞላል።

ጁን 26 ቀን 2018 ኦክላሆማ የፓርቲዎቹን ዕጩዎች በምትመርጥበት ቀን ስቴት ክዌስችን 788 የተባለው የሕክምና ማሪዋና ጥያቄ ቀረበ። እንዲህ ያለ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ቀልብ አይስብም። በዚያ ቀን ግን በማሪዋናው ላይ ብቻ ከ890,000 በላይ ሰው ድምፅ ሰጠ። ከ4 ዓመት በፊት በዋናው የኖቬምበር ምርጫ አገረ ገዥ ለመምረጥ የወጣው 825,000 ያህል ነበር። የመጀመሪያ ዙር ዋናውን በለጠ። ጥያቄውም በ56.9 በመቶ አለፈ። የትኛውም ፓርቲ አባል ያልሆኑ መራጮች የሪፐብሊካኖቹን ዕጩ መምረጥ ባይችሉም በማሪዋናው ጥያቄ ላይ ድምፅ መስጠት ይችሉ ስለነበር፣ ለእነርሱ የመምጣት ምክንያት ሆኖላቸዋል። ሁሉንም ለማሪዋና መስጠት ግን አይገባም። የአገረ ገዥው ወንበር ያለ ነባር ባለሥልጣን ክፍት ነበር፤ በኤፕሪል የተደረገው የመምህራን ሥራ ማቆምም ስቴቱን አነቃንቆት ነበር።

ከ5 ዓመት በኋላ የመጣው ስቴት ክዌስችን 820 የተቃራኒው ምሳሌ ነው። የመዝናኛ ማሪዋና ደጋፊዎች ለኖቬምበር 2022 ብለው ፊርማቸውን አስገቡ። ቆጠራውና ማጣራቱ ተጓተተ፤ የተቃውሞና የይግባኝ ጊዜ ተጨመረበት፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወረቀቱ ከሚታተምበት ቀን በፊት ሊጠናቀቅ አልቻለም ብሎ ከኖቬምበሩ አስቀረው። ከዚያ አገረ ገዥው ኬቨን ስቲት ማርች 7 ቀን 2023ን ልዩ የምርጫ ቀን አድርጎ ቆረጠ። በስቴት ደረጃ ሌላ ምንም ጥያቄ አልነበረም። ከተመዘገበው መራጭ የወጣው ሩብ ያህሉ ነው፤ 61.7 በመቶው «አይ» አለ። ማሪዋና ብቻውን መራጭን የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ሌላ ጥያቄ ያልተቀላቀለበት ይህ ቀን ምስክር በሆነ ነበር። የመጣው ግን በማንኛውም ምርጫ የማይቀረው ሰው ነው፤ እርሱ ደግሞ በዕድሜ ይገፋል፣ ወግ አጥባቂነቱም ያይላል።

የካሊፎርኒያ ዘመቻ አድራጊዎች ይህን ትምህርት ቀደም ብለው ቀምሰውታል። ፕሮፖዚሽን 19 በ2010 የአጋማሽ ዘመን ምርጫ 46.5 በመቶ አግኝቶ ወደቀ። 2016ን ጠብቀው በፕሬዚዳንታዊ ዓመት ያቀረቡት ፕሮፖዚሽን 64 በ57.1 በመቶ አለፈ። ፍሎሪዳም የሕክምናውን ጥያቄ ከ2014ቱ 57.6 ወደ 2016ቱ 71.3 በመቶ አሳድጋለች።

ይህ ግን የማይሻር ሕግ አይደለም። ኦሪገን በፕሬዚዳንታዊው 2012 ሜዠር 80ን ጥላ፣ ተሳትፎ በወረደበት 2014 ሜዠር 91ን በ56 በመቶ አሳልፋለች፤ ሁለተኛው በጥንቃቄ የተረቀቀና የገንዘብ ድጋፍ ያገኘ ነበር። ሳውዝ ዳኮታ በ2020 ያሳለፈችው ማሻሻያ በፍርድ ቤት ተሽሮ በ2022 እና በ2024 እንደገና ሲቀርብ ሁለቱንም ጊዜ ወድቋል፤ 2024 ደግሞ ፕሬዚዳንታዊ ዓመት ነው።

ፍርሃቱ የሠራው ሥራ

ውጤቱ ትንሽም ቢሆን ፖለቲከኞች ያምኑበታል፤ እምነታቸውም በራሱ ታሪክ ይሠራል። ሚሺጋን በ2018 የሆነው ይህ ነው። በስቴቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ዜጎች በፊርማ ያቀረቡትን ረቂቅ ሕግ ምክር ቤቱ በ40 ቀን ውስጥ ራሱ ሊያጸድቀው ይችላል፤ ካላጸደቀው ወደ ሕዝብ ይሄዳል። የሴኔቱ የሪፐብሊካን መሪ አርላን ሚክሆፍ በዚህ መንገድ የቀረበውን የመዝናኛ ማሪዋና ሕግ ምክር ቤቱ ራሱ እንዲያጸድቀው ገፋፋ። ሁለት ጥቅም ነበረው። አንደኛ፣ ጥያቄው ከኖቬምበር ወረቀት ይወጣል፤ ወጣትና ዴሞክራት መራጭን ይስባል የተባለው ማጥመጃ ይነሣል። ሁለተኛ፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ በኋላ በተራ አብላጫ ድምፅ መለወጥ ይቻላል፤ ሕዝብ ያጸደቀውን ለመለወጥ ግን የሦስት አራተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በተወካዮች ምክር ቤት በቂ ድምፅ ስላልተገኘ ቀኑ ጁን 5 ላይ አለፈ። በዚያው ዓመት የዝቅተኛ ደመወዝና የሕመም ፈቃድ ረቂቆች ላይ ይኸው ስልት ተሠርቶበታል፤ ምክር ቤቱ አጽድቆ ከወረቀቱ አወጣቸው፣ ከምርጫው በኋላም ቀነሳቸው። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድርጊቱን ከሕገ መንግሥት ውጪ ነው ያለው በ2024 ነው።

ማሪዋናው በ55.9 በመቶ አለፈ፤ የዴሞክራቶቹ የአገረ ገዥነት ዕጩ ግሬቸን ዊትመርም ከ400,000 በሚበልጥ ድምፅ አሸነፈች። በዚህ ስፋት ልዩነት ማሪዋና የወሰነው ነገር አለ ማለት አይቻልም። ዊስኮንሲን የበለጠ ያጠራጥራል። በስቴቱ ዜጋ በፊርማ ሕግ የሚያቀርብበት መንገድ ስለሌለ በዚያው የኖቬምበር ምርጫ 16 ካውንቲዎችና 2 ከተሞች ሕግ የማይሆን፣ አስተያየት ብቻ የሚጠይቅ የማሪዋና ጥያቄ አቀረቡ። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው «አዎ» አለ፤ ዴሞክራቱ ቶኒ ኤቨርስ ሪፐብሊካኑን አገረ ገዥ ስኮት ዎከርን ያሸነፈው ደግሞ በ29,000 ድምፅ ብቻ ነው። በእኛ የ60 ለ40 ስሌት 145,000 ያህል አዲስ መራጭ ይጠይቃል። በዚያ ዓመት ግን ማሪዋና በሌለባቸው ስቴቶችም ተሳትፎ ዘሎ ነበር፤ የአገሪቱ የአጋማሽ ዘመን ተሳትፎ ከ1914 ወዲህ ከፍተኛው ሆኗል።

ቁጥሩ ሲነገር ምን ይታይ?

«ማሪዋና ተሳትፎን ጨመረ» የሚል ዜና ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው መቶኛው ከምን ላይ እንደተሰላ ነው። ከተመዘገበው መራጭና የመምረጥ መብት ካለው ሕዝብ የሚገኙት መቶኛዎች በብዙ ነጥብ ይለያያሉ። አንዱን ዓመት በአንዱ፣ ሌላውን በሌላው ለክቶ ማወዳደር የተለመደ ስሕተት ነው። ቀጥሎ ንጽጽሩ ከምን ዓይነት ዓመት ጋር እንደሆነ ይጣራል፤ አጋማሽ ዘመን ከአጋማሽ ዘመን፣ ፕሬዚዳንታዊ ከፕሬዚዳንታዊ ጋር ብቻ ነው የሚተያየው። ከዚያም ማሪዋና ያልቀረበባቸው ጎረቤት ስቴቶች ምን ያህል እንደጨመሩ ይታያል። አሪዞና በ2020 ማሪዋናን የሚፈቅደውን ፕሮፖዚሽን 207ን በ60 በመቶ ስታሳልፍ ጆ ባይደን ስቴቷን ያሸነፈው በ10,457 ድምፅ ነው፤ ሁለቱን ማያያዝ ያጓጓል። ግን የ2020 ተሳትፎ በአገር ደረጃ ከመቶ ዓመት በላይ ያልታየ ስለነበር አሪዞና ለብቻዋ የዘለለች አይደለችም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሁለት ትኩስ ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ላይ ሲገኙ ነው። ኦሃዮ በኖቬምበር 2023 ፕሬዚዳንትም አገረ ገዥም ሳይኖር ወደ 3.9 ሚሊዮን ሰው አወጣች። ማሪዋናው በ57 በመቶ አለፈ፤ የውርጃ መብት ማሻሻያውም ወደ 57 በሚጠጋ ድምፅ። ማን ለየትኛው እንደመጣ ወረቀቱ አይናገርም። የተሻለው መንገድ የስቴቱን የመራጮች መዝገብ በስም ደረጃ መመርመር ነው፤ ባለፉት ሁለት ተመሳሳይ ምርጫዎች ያልመረጡና ጥያቄው ወረቀት ላይ መውጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ የተመዘገቡ ሰዎች ስንት እንደሆኑ፣ ዕድሜያቸውም ምን እንደሆነ ከመዝገቡ ይገኛል። ለማን ድምፅ እንደሰጡ ግን መዝገቡም አያውቅም።

ለእኛ ማኅበረሰብ

ዴንቨርና ኦሮራ፣ ሲያትል፣ ዲሲ፤ አማርኛ ተናጋሪው በብዛት የሰፈረባቸው ከተሞች ይህ ጥያቄ ቀድሞ የቀረበባቸው ናቸው። ዲሲ በ2014 ኢኒሼቲቭ 71ን በሰፊ ልዩነት አሳልፋ እስከ 2 አውንስ መያዝና በቤት 6 ተክል ማብቀልን ፈቀደች፤ ኮንግረስ በበጀት ሕግ ውስጥ ባስገባው ክልከላ ምክንያት ግን የሽያጭ ሥርዓት ማውጣት አልቻለችም። በከተማዋ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ስለሚጨምር የትርጉም አገልግሎት መጠየቅ መብት ነው።

ግሪን ካርድ ይዘው ዜግነት ለሚጠብቁ ግን ሁለት አደጋዎች አሉ። የመጀመሪያው ምዝገባው ነው። መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ የመራጭነት ምዝገባ አብሮ ይቀርባል፤ ዜጋ ነኝ በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ በሐሰት ዜግነትን እንደመጠየቅ ይቆጠራልና ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። እንደ ዲሲና እንደ ሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክ ያሉ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችን በአካባቢ ምርጫ የሚያሳትፉ ጥቂት ከተሞች አሉ፤ ያም ቢሆን ከመመዝገብ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይበጃል። ሁለተኛው ሕጉ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ነው። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ ማሪዋናን መያዝ፣ መጠቀም ወይም በማሪዋና ንግድ ተቀጥሮ መሥራት ስቴቱ ቢፈቅደውም በፌዴራል ሕግ ጥፋት ስለሆነ ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ጠባይ ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል። በቃለ መጠይቁ ላይ «አዎ፣ እዚህ እኮ ሕጋዊ ነው» ብሎ በቅንነት መመለስ ሳይፈረድበት ጥፋቱን እንዳመነ ሊያስቆጥረው ይችላል።